የባቡር ስም፣ የጥገና እጅ

በእኛ በውርጌሳ የእህል ወፍጮ ሞተር «ባቡር» ይባላል። ቃሉ እንፋሎት ከሚለው የጣሊያንኛ «ቫፖሬ» ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል የደረሰን ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡርም በዚያው ስም ተጠራ። እንፋሎቱ ሲቀር በናፍጣ የሚሠራው ወፍጮ ስሙን ወረሰ።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ፤ ካንዴላና ፍሪሲዮን ግን ከመካኒኩ አፍ አልወጡም።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን አምቆ በማጋል ነዳጁን ያቀጣጥላል። ስለዚህም በነዳጅ ቧንቧው ጥቂት አየር ከገባ ያ ሁሉ ብረት ጸጥ ይላል። ዐዋቂው በግቢው ተንበርክኮ ብሎኑን ያላላል፤ አረፋው አልቆ ናፍጣው ጠርቶ እስኪወርድ ይታገሣል፤ መልሶም ያጠብቃል። ባቡሩ ካልተነሣ እናቶቻችን ወደ መጁ ይመለሳሉና ትዕግሥቱ ቀላል አይደለም።

አንባቢ ሆይ፣ ታሪካችን ማሽኑን ያስመጣውን ሰው በስም መዝግቧል፤ ሲሰበር ያስነሣውን ግን አልመዘገበም። እኔም በባንክ መስኮት ተቀምጬ የወፍጮውን ዋጋ በአኃዝ እጽፋለሁ፤ ለዚያ እጅ ዕውቀት ግን በመዝገቤ ዓምድ የለኝም።