ከእርሳስ እስከ ሊቲየም፦ ያረጀ የተሽከርካሪ ባትሪ ታሪክ

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ባትሪ አወጋገድ ዘመን የወለደው አዲስ ጥያቄ ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን አዲስ የሆነው ብረቱ እንጂ ጥያቄው አይመስለኝም።

ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ዳግም የሚሞላውን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1859 ነበር። የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የተነዱት በዚሁ ነው፤ ቤንዚን ካሸነፈ በኋላም ሞተር ማስነሻ ሆኖ ቀረ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ፣ ያረጀ ባትሪ ገዢ አጥቶ አያውቅም። የዘርፉ ሰዎችም ተሰብስቦ ዳግም ጥቅም ላይ በመዋል አቻ የለውም እያሉ ያሞግሱታል።

የታሪክ ተማሪ ግን ማን ሰበሰበው፣ የትስ ቀለጠ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በዳካር ዳርቻ፣ ቲያሮዬ ሱር ሜር በተባለው ሰፈር፣ ነዋሪዎች ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ ያወጡ ነበር። የእርሳስ ዋጋ ሲንር የተበከለውን አፈር ሳይቀር በጆንያ እየሞሉ፣ በየቤታቸው እየነፉ መሸጥ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2007 እስከ ማርች 2008 ባለው ጊዜ 18 ሕፃናት ሞቱ። ያ አፈር በስታትስቲክስ ቋንቋ «ዳግም ጥቅም ላይ የዋለ» ነው።

የሊቲየም ባትሪ በ1991 በሶኒ ኩባንያ ለገበያ ሲቀርብ ውስጡ ኮባልት ነበረበት። አሮጌውን ለመፍታት የሚያተጋው ትርፍም በአመዛኙ ከኮባልትና ከኒኬል የሚገኘው ነው። በ1997 የጆን ጉዲናፍ የምርምር ቡድን ይፋ ያደረገው የብረት ፎስፌት ዓይነት ግን ሁለቱም የሉበትም። ርካሽ ነው፤ በቀላሉም አይቀጣጠልም። ዛሬ በብዙ የቻይና መኪኖች ውስጥ ያለው እርሱ ነው። ሲያረጅ ግን ለቆራሌው እንኳ የሚያጓጓ ነገር እምብዛም የለውም። እርሳስ ዋጋ ስለነበረው በየጓሮው ቀለጠ፤ ይህኛው ዋጋ ስላነሰው በየጓሮው እንዳይጣል እሰጋለሁ።

አውሮፓ ገበያው ያልከፈለውን በሕግ ለማስከፈል መርጣለች፤ የ2023ቱ ደንብ ኃላፊነቱን በአምራቹ ላይ ጥሎ፣ ከአሮጌ ባትሪ ውስጥ ካለው ሊቲየም በ2031 ቢያንስ 80 በመቶው እንዲመለስ ያዝዛል። ኢትዮጵያ በበኩሏ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። እንግዲህ አንድ ነጋዴ በራሱ ገዝቶ በጅቡቲ በኩል ያስገባው መኪና ባትሪው ሲሞት፣ በሕግ ፊት «አምራች» ተብሎ የሚጠራው ማን ነው?