ገዢ የማይመርጥ ገበሬ፦ ከእሰገድ እስከ ዲከረንስ

የንግድ ውድድር ሕግ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የከተማ ጉዳይ ነው፤ ስኳር የደበቀ ነጋዴ፣ ዘይት ያስወደደ አከፋፋይ፣ የታሸገ መጋዘን። ሕጉ ለሸማቹ የቆመ ዘበኛ ተደርጎ ይቆጠራል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ከወዲያኛው ጫፍ፣ ምርቱ ከሚነሣበት ማሳ ጀምሬ ለመመልከት እሞክራለሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው። ገዢውን መምረጥ የማይችል ገበሬ ያለበት ገበያ ነፃ ሊባል ይችላልን? ዋጋውን ሌላ ሰው የሚቆርጥለት ገበሬስ መሬቱን ጠብቆ ለልጁ ሊያቆይ ይችላልን?

ለዚህ ጥያቄ ቆሰበርን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እንጅባራ ተብላም የምትጠራው ይህች የአዊ ዞን ዋና ከተማ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች፤ ወደ ቻግኒና ወደ መተከል የሚወርደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። በዙሪያዋ ያለው ደጋ ድንች፣ ገብስ፣ ስንዴና ጤፍ ያበቅላል፤ አፈሩ ግን በአሲድነት ክፉኛ ተጠቅቷል። ጥሩ መንገድ፣ ታታሪ ገበሬና የደከመ አፈር በአንድ ቦታ ተገናኝተዋልና የገበያችን ታሪክ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የጎጃም ገበሬ የላቡን ፍሬ ሌላ ሰው ሲተምንበት የሚሰማውን ስሜት በ1960 ዓ.ም. በገሃድ አሳይቷል። በዚያ ዓመት የወጣውን የእርሻ ገቢ ግብር ተቃውሞ ሲነሣ የመሬት መለካት ፍርሃትና በአስተዳዳሪዎች ላይ የተጠራቀመ ምሬትም አብረው ፈነዱ። የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴም ከቦታቸው ተነሡ። የዚያ አመፅ ትርጉም አከራካሪ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ገበሬው ያመረተው ምን ያህል እንደሆነና ምን እንደሚያወጣ እርሱን ሳይጠይቁ የመወሰን ሥልጣን ዱሮም የከረረ ጉዳይ ነበር።

ደርግ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1976 የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ፤ በአጭሩ እሰገድ የምንለው ማለት ነው። ዓላማው ለጆሮ የሚከብድ አልነበረም፤ በዝባዥ የተባለውን ነጋዴ ከመካከል አውጥቶ ለከተሜውና ለሠራዊቱ በርካሽ እህል ማቅረብ ነበር። አሠራሩ ግን ኮታና ኬላ ሆነ። የገበሬ ማኅበራት የተመደበላቸውን ኩንታል መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እንዲያስረክቡ ተገደዱ፤ በየመንገዱ የቆሙት ኬላዎች እህል ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር እንዳይሻገር ዘጉ። ትርፍ አምራች በነበሩት በጎጃምና በአርሲ ደግሞ የግል እህል ነጋዴው ጭራሹን ከገበያው እስከ መታገድ ደረሰ። ማሳው ያልሰጠው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለእሰገድ በርካሽ ያስረከበበት ዘመን ነበር። ብዙ በዝባዦች ጠፍተው አንድ ብቻውን ቀረ፤ እርሱም ሕግ አውጪ፣ ገዢና ተቆጣጣሪ በአንድ ላይ ነበረ። ገበሬውም የሚችለውን አደረገ፤ ለገበያ የሚሆን ምርት ለማብዛት አልተጋም።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. መጨረሻ የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ኮታው ተነሣ፤ ኬላውም ተከፈተ። እሰገድ ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላ የኢትዮጵያ እህል ንግድ ድርጅት ተባለ፤ ኋላም እ.ኤ.አ. በ2015 ከሌሎች የመንግሥት የንግድ ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ የኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን አካል ሆነ። የአስገዳጁ ገዢ ዘመን በዚህ አበቃ። የገበያው ሕግ ግን ከገበያው ዘግይቶ ደረሰ። የመጀመሪያው የንግድ አሠራር አዋጅ ቁጥር 329 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከኮታው መነሣት ከአሥራ ሁለት ዓመታት በላይ ቆይቶ። ቀጥሎ በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 685፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 813 ተከተሉ።

እነዚህ ሕጎች በተግባር ወዴት እንዳዘነበሉ ለመረዳት የ2003 ዓ.ም. ሁኔታ ይበቃል። በታኅሣሥ መጨረሻ መንግሥት በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። ሸቀጦቹ ከመደርደሪያ ጠፉ፤ ሰልፉ ረዘመ፤ ከወራት በኋላም ጣሪያው ከአብዛኞቹ ላይ ተነሣ። በ2006ቱ አዋጅ ራሱን የቻለ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ቢቋቋምም ዕድሜው አልረዘመም፤ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263 የአስፈጻሚ አካላት እንደገና ሲደራጁ ባለሥልጣኑ ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃለለ። ነጋዴውን የሚመዘግብ፣ ዋጋ የመወሰን ሥልጣን ያለውና ውድድሩን የሚዳኝ አካል እንደገና በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰበሰበ። አልሸሹም ዞር አሉ ይሏል እንዲህ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የቆሰበር ገበሬ የት አለ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የራሱን ምርት የሚሸጥ ገበሬን ከነጋዴ አይቆጥረውም ነበር። የውድድር አዋጁ ደግሞ በዋናነት የነጋዴና የሸማች አዋጅ ነው። ገበሬው ነጋዴም ሸማችም ሳይሆን ሻጭ ሆኖ በጥቂት ገዢዎች ፊት ሲቆም የሚከላከልለት አንቀጽ ጎልቶ አይገኝም። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የዋጋ መረጃን ይፋ በማድረግ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ዋነኛ ሥራው ግን ቡናና ሰሊጥን የመሳሰሉ ለውጭ ገበያ የሚቀርቡ ምርቶች ሆኑ። ድንች በዚያ አይገበያይም። ድንች ይበላሻል፤ የጭነት መኪናው አንድ፣ ደላላው አንድ ከሆነ ገበሬው የተነገረውን ዋጋ ከመቀበል ሌላ ምርጫ የለውም።

አሁን ወደ አፈሩ ልመለስ። ከቆሰበር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ አዲስ ቅዳምን መቀመጫው ያደረገው የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ ለደከመው አፈሩ የራሱን መፍትሔ አገኘ። ዲከረንስ የሚባለውን የውጭ አገር ግራር ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣር ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከዚያም መልሶ ይተክላል። የተራቆተው ኮረብታ ለመለመ፤ ለሥራ አጡ ወጣት ሥራ ተገኘ፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ማድቤት ደረሰ። ይህን ያደረገው የመንግሥት ዘመቻ ሳይሆን የገበሬው ስሌት ነበር፤ የእህሉ ዋጋ የማይከፍለውን የከሰሉ ዋጋ ከፈለው።

ሆኖም ሁሉም አንድ ዛፍ ተከለ፤ ሁሉም አንድ ገበያ ጠበቀ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ግድም ጀምሮ የፈንገስ በሽታ ዛፉን ሲያጠቃ አንድ ማሳ ሳይሆን የወረዳ ኢኮኖሚ ተመታ። አንድ ገዢ ብቻ ያለው ገበሬና አንድ ተክል ብቻ ያለው መሬት ተመሳሳይ አደጋ አለባቸው፤ ሁለቱም መሸሻ የላቸውም። ስለዚህ የዋጋ ፍትሕና የአፈር ጥበቃ ሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ተደርገው መታየታቸው ስሕተት ነው እላለሁ። ለድንቹና ለገብሱ ተገቢ ዋጋ ያገኘ ገበሬ ሰብሉን ያፈራርቃል፤ ኖራ ገዝቶ አሲዱን ያክማል። ያላገኘ ግን ለዛሬ የሚከፍለውን ብቻ ይተክላል።

የሌላው ዓለም ልምድ ይህንን ክርክር ያጠናክርልናል፤ ያስጠነቅቀናልም። በኔዘርላንድ ሱፐርማርኬቶችና ዶሮ አርቢዎች የዶሮን አያያዝ ለማሻሻል በጋራ ሲስማሙ የአገሪቱ የውድድር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ስምምነቱ ውድድርን ይገድባል ብሎ ተቃወመው። በኋላ ባወጣው ግምገማ ደግሞ ሱፐርማርኬቶቹ እርስ በርስ በመፎካከር ከስምምነቱ የተሻለ ማምጣታቸውን ገለጸ። ይህ ለእኔ ክርክር የማይመች እውነት ነው። ነገር ግን እዚያ ሸማቹ በመለያው እያየ ይመርጣል፤ የእኛ ድንች ጆንያ መለያ የለውም። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2021 የእርሻ አምራቾች ለአካባቢ ጥበቃ የሚያደርጓቸውን አንዳንድ ስምምነቶች ከውድድር ክልከላው ነፃ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያም የሚበላሽ ምርት የገዛ ትልቅ ገዢ በ30 ቀን ውስጥ እንዲከፍል አስገደደ።

አውሮፓ ሩቅ ነው የሚል ካለ ጎረቤታችንን ኬንያን ይመልከት። ኬንያ የገዢን ጉልበት በሕጓ አካትታ፣ የካርፉርን ስም ይዞ የሚነግደውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባለሥልጣኗ በእርጎ አቅራቢ ላይ ባደረሰው ጫና ጥፋተኛ አለችው፤ በ2023 ደግሞ በሌላ ጉዳይ ከ1 ቢሊዮን ሽልንግ በላይ ቀጣችው። ትንሹ አቅራቢ ትልቁን ገዢ ከስሶ የሚረታበት ሥርዓት በአፍሪካም ይቻላል ማለት ነው።

በእኔ እምነት ሦስት ነገሮች ያስፈልጉናል። አንደኛ፣ የውድድር ሕጋችን የገዢን ጉልበት በስሙ ጠርቶ ይከልክል። ሁለተኛ፣ ገበሬዎች አፈራቸውን ለማዳንና ምርታቸውን በጋራ ለመሸጥ የሚያደርጉትን ስምምነት ከነጋዴዎች ሤራ ለይቶ ይወቅ፤ በዘላቂነት ስም አዲስ እሰገድ እንዳይወለድም አባልነቱ በፈቃድ፣ ሒሳቡም በግልጽ ይሁን። ሦስተኛ፣ ዳኛው ከተጫዋቹ ይለይ፤ ዋጋ የሚተምን ሚኒስቴር ስለ ዋጋ ፍትሕ ሊፈርድ አይገባውም።

በጎጃም ደጋ ገበሬው በኮታ፣ በጣሪያና በደላላ ተፈራርቆ ተተምኖበታል። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ ያልተሞከረው እርሱን ራሱን ከመደራደሪያው ጠረጴዛ ማስቀመጥ ብቻ ነው።