ከአደባባይ የመጣ ተሰሚነት፣ በፓርቲ የተነሳ ሹመት፦ ለማ መገርሳ እና የምዕራብ ሸዋ ከተሞች (2006–2012 ዓ.ም.)

መግቢያ

በሕጉ መሠረት የኦሮሚያ ክልልን ፕሬዝዳንት የሚመርጠው የክልሉ ምክር ቤት፣ ጨፌ ኦሮሚያ፣ ነው። በተግባር ግን ጨፌው ሲያጸድቅ የኖረው ፓርቲው አስቀድሞ የጨረሰውን ጉዳይ ነው። ኩማ ደመቅሳ፣ ጁነዲን ሳዶና አባዱላ ገመዳ ከፕሬዝዳንትነት ተነስተው ኋላ በፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ሲይዙ፣ መራጩ ሕዝብ በመምጣታቸውም ሆነ በመሄዳቸው ድምፅ አልነበረውም። አቶ ለማ መገርሳም የመጡትና የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። ልዩ የሚያደርጋቸው በመካከሉ ያገኙት ሕዝባዊ ተቀባይነት ነው። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ሹመታቸው ከፓርቲው፣ ተሰሚነታቸው ደግሞ ከአደባባዩ ተቃውሞ የመነጨ መሆኑ ነው። ሁለቱን የሚያስተሳስር ተቋም ስላልተገነባ፣ ሹመቱ ሲነሳ ተሰሚነቱም መቆሚያ አጣ።

ከአምቦ እስከ ጊንጪ

አምቦና ጊንጪ የሚገኙበት የምዕራብ ሸዋ ዞን ለገዥው ፓርቲ ምቹ ሜዳ ሆኖ አያውቅም። በ1997ቱ ምርጫ ዶክተር መረራ ጉዲና የሚመሩት የኦሮሞ ብሔራዊ ኮንግረስ በዞኑ የፓርላማ ወንበሮችን አሸንፎ ነበር። በ2007 ግን ኢሕአዴግና አጋሮቹ የተወካዮች ምክር ቤትን 547 ወንበሮች በሙሉ ያዙ፤ በጨፌውም አንድ ተቃዋሚ አልተገኘም። በምክር ቤት ቦታ ያጣው ቅሬታ ሌላ መውጫ መፈለጉ አልቀረም። ገና በሚያዝያ 2006 የአዲስ አበባና ዙሪያዋን የተቀናጀ ማስተር ፕላን የተቃወሙ የአምቦ ተማሪዎችና ነዋሪዎች አደባባይ ወጥተው በጥይት ተበትነዋል። በኅዳር 2008 ደግሞ ጊንጪ ላይ በጪሊሞ ደንና በአንድ ሜዳ ሰበብ የተነሳው ተቃውሞ ክልሉን አዳረሰ። በጥር 2008 ክልሉን የሚያስተዳድረው የኢሕአዴግ አባል ድርጅት ኦሕዴድ ማስተር ፕላኑ መሰረዙን ቢያስታውቅም ጥያቄው ከፕላኑ አልፎ ስለነበር ሰልፉ አልበረደም።

ሁለት ዓመት ተኩል በፕሬዝዳንትነት

አቶ ለማ ከጨፌው አፈ ጉባኤነት ተነስተው በመስከረም 2009 የኦሕዴድ ሊቀ መንበር፣ በጥቅምት ደግሞ በአቶ ሙክታር ከድር ምትክ የክልሉ ፕሬዝዳንት ሆኑ። ወቅቱ የቢሾፍቱ እሬቻ እልቂት ማግስትና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መባቻ ነበር። አቶ ለማ የተቃዋሚውን ጥያቄ የራሳቸው አጀንዳ አደረጉት፤ ስለ ኮንትሮባንድ፣ ስለ መሬት ቅርምትና ስለ ወጣቶች ሥራ አጥነት ያለ ሽፍንፍን ተናገሩ። በጥቅምት 2010 አጋማሽ የአምቦ ወጣቶች ስኳር የጫኑ መኪኖችን አናሳልፍም ባሉ ጊዜ በተተኮሰ ጥይት 10 ሰዎች መሞታቸውን ያመነው የክልሉ መንግሥት ራሱ ነው። ሟች መቁጠር በአብዛኛው ከተቃዋሚና ከውጭ ዜና ማሰራጫ ይጠበቅ በነበረበት አገር ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር።

በዚያው ወር ማብቂያ አቶ ለማ ትልቅ ልዑክ መርተው ባሕር ዳር ገቡ። የኦሮሚያ ወጣቶች በ«ጣና ኬኛ» (ጣና የእኛ ነው) መፈክር ከጣና ሐይቅ እምቦጭ ሊያርሙ ሄደው ነበርና መንገዱ ተጠርጓል። ኢትዮጵያዊነት ሱስ ነው ማለታቸውም ከክልላቸው ውጭ ደጋፊ አበዛላቸው። የኦሕዴድና የአማራ ክልል ገዥ ፓርቲ የብአዴን መቀራረብ በኢሕአዴግ ውስጥ የነበረውን የኃይል ሚዛን ለወጠ። አቶ ለማ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ስላልነበሩ ጠቅላይ ሚኒስትር መሆን አይችሉም ነበር፤ በየካቲት 2010 የኦሕዴድ ሊቀ መንበርነቱን ብዙም ሳይቆይ ጠቅላይ ሚኒስትር ለሆኑት ለዶክተር ዐቢይ አሕመድ ለቀቁ። በሚያዝያ መጀመሪያ ሁለቱም አምቦ ስታዲየም ሲቆሙ ከተማዋ በደስታ ተቀበለቻቸው።

ውዝግቡ

ተስፋው ከክልሉ አስተዳደር አቅም በላይ ነበር። በግንቦት 2010 በምዕራብ ሸዋ ዞን፣ እንጪኒ አቅራቢያ፣ የዳንጎቴ ሲሚንቶ ሥራ አስኪያጅ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር መገደላቸው የጸጥታ መዋቅሩ መላላቱን አሳየ። በ2011 ከሶማሌ ክልል የተፈናቀሉ ኦሮሞዎችን አዲስ አበባ ዙሪያ ስለማስፈር የተናገሩት ሲሰማ፣ ባሕር ዳር ላይ ያጨበጨቡላቸው ብዙዎች የሕዝብ አሰፋፈርን ለፖለቲካ ሊለውጡ ነው ሲሉ ከሰሷቸው። በሚያዝያ 2011 ወደ መከላከያ ሚኒስትርነት ተዛወሩ፤ ኩማ ደመቅሳም ከፕሬዝዳንትነታቸው በኋላ በዚያው ወንበር ተቀምጠው ነበር። ዝውውሩን ማን እንደፈለገው ለሕዝብ አልተብራራም።

በኅዳር 2012 ለአሜሪካ ድምፅ በአፋን ኦሮሞ ቃለ ምልልስ ሰጥተው የኢሕአዴግን መዋሐድና የዶክተር ዐቢይን የመደመር ሐሳብ እንደማይቀበሉ ገለጹ። በሰኔ 2012 የአምቦው ልጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገድሎ በትውልድ ከተማው ሲቀበር ዞኑ ዳግም በሐዘንና በቁጣ ተዋጠ። በነሐሴ ከውሕደቱ የተፈጠረው ፓርቲ አቶ ለማን ከማዕከላዊ ኮሚቴ አገደ፤ ከሚኒስትርነትም ተነሱ።

ማጠቃለያ

አቶ ለማን ደጋፊዎቻቸው የለውጡ አባት፣ ነቃፊዎቻቸው ሁለት ምላስ ያላቸው ፖለቲከኛ ይሏቸዋል። ሁለቱም ብያኔዎች በሰውየው ጠባይ ላይ ያተኩራሉ። ከአምቦና ከጊንጪ ሲታይ ግን ዋናው ጉድለት ተቋማዊ ነው። የአደባባዩን ጥያቄ በቃል ያስተጋቡት ፕሬዝዳንት፣ ያ ጥያቄ በጨፌው ወንበር የሚያገኝበትን የምርጫ ሥርዓት ሳያቆሙ ሄዱ። በ2013ቱ ምርጫም የዶክተር መረራ ፓርቲ ሳይወዳደር ቀረ። ፕሬዝዳንትን መሾምና ማንሳት ከፓርቲ ስብሰባ ወጥቶ ተፎካካሪዎች ወዳሉበት ጨፌ እስካልገባ ድረስ፣ ማንም ቢሾም የአምቦ ነዋሪ ሐሳቡን የሚገልጸው እንደ ቀድሞው በመንገድ ላይ ነው።