ነጭ ሩዝና የጃፓን መርከበኞች

ጃፓን ለረዥም ዘመን ዘግታ የኖረችውን ደጅ ከፍታ፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባለ መርከብና ባለ መድፍ መንግሥት መኾኗ የአገራችንን ሊቃውንት እጅግ ያስደነቀ ነገር ነበረ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1931 ዓመት አገሪቱን ጐብኝተው ያዩትን በመጽሐፍ አሳትመዋል። እኛ በዚህ ጽሕፈት የምንተርከው ግን ስለ መርከቧና ስለ መድፏ ሳይኾን መርከበኞቿ ይበሉት ስለ ነበረው ምግብ ነው። ዓመታቱንም ኹሉ በዚያው በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።

በጃፓን አገር ካኬ የሚባል ደዌ ነበረ፤ በሌላው ዓለም ቤሪቤሪ ይሉታል። ስሙ ከኛ በርበሬ ጋር ቢቀራረብም አንዳች ዝምድና የለውም። ይህ ደዌ እግርን ያደነዝዛል፥ ሰውነትን ያሳብጣል፥ በመጨረሻም ልብን አድክሞ ይገድላል። የሚያስደንቀው ግን ከድኻው ይልቅ ባለጠጋውን መፈለጉ ነበረ። ገበሬው ሩዙን ከገብስና ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ ሲበላ፥ ጌቶችና የከተማ ሰዎች ተፈትጎ የነጣውን ሩዝ ይበሉ ነበር፤ ነጭ ሩዝ የክብር ምልክት ነበረና። ከገጠር ወደ ኤዶ ከተማ የመጡ ሰዎች በዚያ ሲቀመጡ ይታመሙ፥ ወደ አገራቸው ሲመለሱም ይድኑ ነበርና ሕመሙ የኤዶ በሽታ ተባለ። በኋላም መርከበኛውና ወታደሩ ከመንግሥት ቀለብ ነጭ ሩዝ መብላት በዠመረ ጊዜ የመኳንንቱ ደዌ የጭፍራው ደዌ ኾነ። በ1878 ከባሕር ኃይሉ ሰዎች ሲሶው ያህል በዚሁ ሕመም ተያዘ።

በዚያ ዘመን ታካኪ ካኔሂሮ የሚባል የባሕር ኃይል ሐኪም ነበረ። ከ1875 እስከ 1880 በሎንዶን ሕክምና ተምሮ ሲመለስ፥ በእንግሊዝ መርከበኞች ዘንድ ይህ ደዌ አለመኖሩን አስተውሎ ነበርና የሁለቱን አገር መርከበኞች ቀለብ እያስተያየ መረመረ። በ1882 ሪዩጆ የምትባል የጦር መርከብ 376 ሰዎች ይዛ ወደ ኒው ዚላንድና ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄደች። ከእነዚያም 169 ታመሙ፥ 25 ሞቱ። ታካኪም ይህን ይዞ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ድረስ ቀርቦ አስረዳ። በ1884 ጹኩባ የምትባል ሌላ መርከብ በዚያው መንገድ እንድትሄድ፥ ነገር ግን ሥጋና ወተት፥ ገብስና ባቄላም እንድትጭን ተደረገ። በተመለሰች ጊዜ የታመሙት 14 ብቻ ነበሩ፤ የሞተ አንድም አልነበረም። ከታመሙትም የሚበዙት የተሰጣቸውን አዲስ ምግብ ያልበሉ ኾነው ተገኙ። ከዚያ ወዲያ ገብስ ከሩዝ ጋር ተቀላቅሎ የባሕር ኃይሉ ቀለብ ኾነ፥ ደዌውም በጥቂት ዓመት ውስጥ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

የምድር ጦሩ ሐኪሞች ግን ይህን አልተቀበሉም። እነርሱ በጀርመን ትምህርት የታነጹ ነበሩና ደዌ ኹሉ ከረቂቅ ተሕዋስያን ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። በእርግጥም ታካኪ የሰጠው ምክንያት ትክክል አልነበረም፤ ሥጋን የሚገነባው የምግብ ክፍል ጐድሎ ነው ብሎ ነበርና። መድኃኒቱን አገኘ እንጂ ምክንያቱን አላገኘም። እነርሱ የምክንያቱን ስሕተት ይዘው የመድኃኒቱን እውነት ጣሉ። ጃፓንም በ1904 እና በ1905 ከሩሲያ ጋር በተዋጋች ጊዜ ወደ 250,000 የሚኾኑ ወታደሮች በቤሪቤሪ ታመሙ፥ ወደ 27,000 ያህልም ሞቱ። እነዚህ በጠላት ጥይት የሞቱ አይደሉም። አንድ ቍና ገብስ የሚያድናቸውን ሰዎች የሊቃውንት ክርክር ገደላቸው።

ምክንያቱ የተገለጠው በሌላ ስፍራ ነው። ክርስቲያን ኤይክማን የሚባል የሆላንድ ሐኪም በጃቫ ደሴት ዶሮዎችን ሲመረምር፥ ከሆስፒታል የተረፈ ነጭ ሩዝ የበሉት እግራቸው ሰለለ፤ ያልተፈተገ ሩዝ ሲሰጣቸው ዳኑ። ከዚህ የተነሣ ሕይወት የሚሰጠው ነገር በፍሬው ስስ ሽፋን ውስጥ እንዳለ ታወቀ። በ1912 ካዚሚር ፉንክ ለዚህ ዐይነት ነገር ቪታሚን የሚለውን ስም አወጣለት፥ በ1926 በዚያው በጃቫ ተነጥሮ ወጣ፥ ኤይክማንም በ1929 የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። ዛሬ ታያሚን ይባላል። ሥራውም ሰውነት የበላውን እህል ወደ ጕልበት እንዲለውጥ መርዳት ነው። በሰውነት ውስጥ ከጥቂት ሳምንት በላይ አይከማችም፤ ስለዚህ ዘወትር ከማዕድ ሊገኝ ይገባዋል።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ነገር ከኛ ማዕድ የራቀ አይምሰልህ። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመኾኑ ሽፋኑን ለይቶ መጣል አይቻልም፤ ስለዚህ እንደ ነበረ ይፈጫል፥ እንደ ነበረም ይበላል። አባቶቻችን ይህን የምርምር ቤት አላስተማራቸውም፤ የእህሉ ጠባይ ጠበቃቸው። ስንዴ ግን ሊነጣ ይችላል። ነጭ ዱቄት የሚበላው የከተማ ሰውም እየበዛ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ብዙ መንግሥታት በፍትጊያ የጠፋውን ቪታሚን መልሰው በዱቄቱ ውስጥ እንዲጨመር በሕግ አዘዋል። ምግብ የሐኪምን ሥራ ኹሉ አይተካም፤ ታሞ የተኛ ሰው ሐኪሙን አይተው። ነገር ግን ጥቁሩን እንጀራ ወይም የገብሱን ቂጣ የድኻ ምግብ ነው ብሎ ከገበታው የሚያርቅ ሰው፥ የኤዶ ጌቶች በነጭ ሩዛቸው ምን እንዳገኙ ያስብ።