ያልታደሰ ገላ
ስለ አንዲት የፈረንሳይ መኪና ውጫዊ ገጽታ

የሰው እጅ የሠራው መሣሪያ ሁሉ ታሪኩ በሁለት ቦታ ይጻፋል፤ አንድም በመዝገብ፣ አንድም በራሱ በመሣሪያው ገላ ላይ። መዝገብ ሲቃጠል ወይም ሆን ተብሎ ሲሰወር ምስክር ሆኖ የሚቀረው ገላው ብቻ ነው። ሲትሮየን የተባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የሠራት ትንሽ መኪና ለዚህ ጥሩ አብነት ትሆናለች።

በ1930ዎቹ አጋማሽ የፈረንሳይ ገጠር ነዋሪ በአብዛኛው የሚጓጓዘው በእግሩና በፈረስ ጋሪ ነበር። መኪና የባለጸጋ ንብረት ነበረች። ከፋብሪካው ኃላፊዎች አንዱ የነበረውና በኋላም ዋና መሪው የሆነው ፒየር-ዡል ቡላንዤ ለመሐንዲሶቹ ያቀረበው ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ ሁለት ገበሬዎችንና 50 ኪሎ ድንች ጭና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትጓዝ፣ ለ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ነዳጅ የሚበቃት መኪና እንዲሠሩ። ሥራውን መሐንዲሱ አንድሬ ለፌብቭር መራው፤ ቅርጿን ያወጣው ደግሞ ጣሊያናዊው ቀራጺ ፍላሚንዮ ቤርቶኒ ነበር። መኪናዪቱም «ቴ ፔ ቬ»፣ ማለትም «እጅግ ትንሿ መኪና» ተባለች።

ውጫዊ ገጽታዋን የተመለከተ ሰው በመጀመሪያ የሚያስተውለው ጌጥ የሚባል ነገር እንደሌላት ነው። ኮፈኗ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ የተሸነሸነ ነው። ሽንሽኑ ለውበት የተደረገ አይደለም፤ ስስ ላሜራ ሲሸነሸን ክብደት ሳይጨምር ጥንካሬ ስለሚያገኝ ነው። ጣሪያዋ ሸራ ነው። የፊት መብራቷ አንድ ብቻ ነው፤ የዘመኑ ሕግ ሁለተኛውን አያስገድድምና። ሞተሪኖ ስለሌላት ሞተሯ የሚነሣው በእጅ ነበር። ስለዚህ ገላዋ ሲታይ የቁጠባ መግለጫ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መኪናዪቱ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1939 በፓሪስ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ ልትቀርብ ታቅዶ ነበር። ነገር ግን በመስከረም ወር ጦርነት ታወጀ፤ ትርኢቱም ተሰረዘ። በሰኔ 1940 የናዚ ጦር ፓሪስን ያዘ። የፋብሪካው መሪዎች ሥራው በወራሪው እጅ እንዳይወድቅ በመወሰናቸው ከሙከራ መኪናዎቹ አብዛኞቹ ወደሙ፤ ጥቂቶቹም ተደበቁ።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በጥቅምት 1948፣ «ደ ሼቮ» የተባለችው መኪና በፓሪስ ታየች። ላሜራዋ ብረት፣ መብራቷም ሁለት ሆኖ ነበር፤ የኮፈኗ ሽንሽን ግን አልተለወጠም። ከጋዜጠኞቹ ብዙዎቹ የቆርቆሮ ጣሳ እያሉ ተሳለቁባት። ሕዝቡ ግን ወረፋ ያዘላት፤ ተራ ጠባቂው ለዓመታት መቆየት ነበረበት። ሐምሌ 27 ቀን 1990 የመጨረሻዋ በፖርቱጋል፣ በማንግዋልደ ከተማ እስክትሠራ ድረስ ከ3.8 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል።

የተደበቁትስ? በ1990ዎቹ አጋማሽ ላ ፌርቴ-ቪዳም በተባለው የፋብሪካው መሞከሪያ ስፍራ፣ ከአንድ አሮጌ ጎተራ ቆጥ ላይ፣ ሦስት «ቴ ፔ ቬ»ዎች ተገኙ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በጨለማ ቆይተዋል። ቀለማቸው ደብዝዟል፤ ላሜራቸው ተጎድቷል። ባለቤቶቹ ግን አላሳደሷቸውም፤ እንደተገኙ እንዲቆዩ አደረጉ።

ይህ ውሳኔ ሊመረመር ይገባዋል። ላሜራውን አቃንቶ፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ ደፍኖ፣ አዲስ ቀለም መቀባት የሠለጠነ እጅ ላለው ባለሙያ አስቸጋሪ አይደለም። ውጤቱም ዓይን ይማርካል። ሆኖም የ1939ኙ ሠራተኛ መዶሻ ያረፈበት፣ በጥድፊያ የተሰወረበት ዘመን አሻራውን የተወበት ገጽ ከስቱኮው ሥር ይቀበራል። ተመልካቹ የሚያየው የዛሬውን ቀቢ ችሎታ እንጂ የትናንቱን ሰው ሥራ አይደለም።

በሌላ በኩል «አትንኩት» ማለት «ይበስብስ» ማለት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ዝገት ካልተገታ ምስክሩን ራሱን ይበላዋል። እርጥበትን መከላከል፣ አቧራን በጥንቃቄ ማንሣት፣ የሚረግፈውን ቀለም ባለበት ማጽናት የጠባቂው ግዴታ ነው። የመጀመሪያ ቀን መልኳን ለተማሪ ማሳየት የሚፈልግም ቅጂ ያሠራ፤ ዋናዪቱን ግን አይንካ። ቅጂ ሁለተኛ ሊሠራ ይችላል፤ የተፋቀ የ1939 ቀለም ግን ተመልሶ አይቀባም።

ለሙዚየም ሠራተኛ፣ ለመምህርና ለሠዓሊ የሚተርፈው ቁም ነገር ይኸው ነው። በደህና ተጠብቆ የቆየ ዕቃ ማለት የግድ የሚያብለጨልጭ ዕቃ ማለት አይደለም። ከአሮጌ መሣሪያ ፊት ስንቆም «እንዴት እናሳምረው?» ከማለታችን በፊት «ገላው ላይ ምን ተጽፏል?» ብለን እንጠይቅ። መልሱን አንብበን ሳንጨርስ ብሩሽ አናንሣ።