የሾላ ጆሮ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የሞተር ወሬ ላውጋችሁ።

በ1900 ዓ.ም ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለች መኪና ይዞ፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውንና አቀበቱን እየገፋ አዲስ አበባ ገባ። ዳግማዊ ምኒልክም ተሳፈሩባት። በአገራችን የታየችው የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል እሷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ እጁን ዘይት የነካው መካኒክ ሁሉ ከአንድ ባላጋራ ጋር ሲታገል ኖሯል። ባላጋራው ከፍታ ነው።

ሾላ ገበያ ቁሙ። ቅቤው፣ በርበሬው፣ የተሸካሚው ጩኸት ከበባችሁ? እዚያ የቆማችሁበት መሬት ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ስትወጡ፣ 3,000 ሜትር ስታልፉ፣ ጭራሽ ይሳሳል። ሰው ዳገት ላይ እንደሚያለከልክ ሞተርም ያለከልካል።

ካርቡራቶር ግን ይህን አያውቅም! አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ሲሮጥ ቤንዚኑን ከትንሽ የነሐስ ቀዳዳ ይስባል፤ ሥራው ይኸው ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም። ጣሊያን ወይም ጀርመን አገር በዝቅታ ተለክቶ የተሠራ ካርቡራቶር እዚህ ሲደርስ ቤንዚን ያበዛል፤ ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱም ይከተላል። ስለዚህ ፋብሪካው የጨረሰውን ሥራ የአዲስ አበባ መካኒክ እንደገና ይጀምረዋል።

እንዴት ቢሉ፣ በዓይንና በጆሮ። ልጅ ሳለ በረዳትነት ይገባል፤ ዕቃ በቤንዚን ያጥባል፣ ካቻቢቴ ያቀብላል። ዓመታት አልፈው አንድ ቀን አለቃው «ና ስማ» ይለዋል። ሚኒሞው ላይ ያለችውን ብሎን ቀስ ብሎ ያጠብቃል፤ ሞተሩ ሊጠፋ ይንገዳገዳል። መለስ ያደርጋታል፤ ድምፁ ይስተካከላል። ከዚያ ካንዴላውን ነቅሎ ያያል፦ ከጠቆረ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጣ አንሷል፣ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ቀዳዳው ሲደፈን በሽቦ አይጎረጉርም፤ በአየር ይነፋል እንጂ። ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ የሰፋውን ደግሞ ማንም አይመልሰውም። ይህን የጣሰ ረዳት ከጋራዡ ቢባረር እኔ አልፈርድም።

ይህ ሥራ ከእሽቅድምድም ሞተር ሠሪ ሥራ ጋር አንድ ነው ብል የተጋነነ አይምሰላችሁ። ኤዶዋርዶ ዌበር ቦሎኛ ላይ ካርቡራቶር መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ፌራሪ በእሽቅድምድም ሜዳ ባሸነፈባቸው ብዙ ሞተሮች ላይ የነበረው የእሱ ካርቡራቶር ነው። የእኛ ሰይቼንቶ፣ ያቺ 633 ሲሲ ይዛ የጀመረች ትንሽ ፊያት፣ የዌበር ካርቡራቶር ነበራት። በሰማያዊና ነጭ ቀለም ያረጀችው ላዳም የተሠራችው ከፊያት 124 ነውና ካርቡራቶሯ በዌበር ፈቃድ ሩሲያ ውስጥ የተመረተ ነው። ስለዚህ የሾላ መካኒክ የላዳን ካርቡራቶር ሲፈታ የሚፈታው የእሽቅድምድም መኪና ዘመድ ነው።

አሜሪካ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1916 ጀምሮ የመኪና የዳገት ውድድር አለ። ከ2,862 ሜትር ተነሥቶ፣ 156 ኩርባ አልፎ፣ 4,302 ሜትር ላይ ያበቃል። በካርቡራቶር ዘመን የነበሩት ተወዳዳሪዎች ለመነሻው ቢያስተካክሉ ጫፉ ላይ ሞተሩ ይታፈናል፣ ለጫፉ ቢያስተካክሉ መነሻው ላይ ቤንዚን ያንሳል፤ መሃሉን መምረጥ ነበረባቸው። ከመገናኛ እስከ እንጦጦ ጫፍ የሚመላለስ አሮጌ ቮልስ ያስተካከለ ሰውም ያው ጥያቄ ገጥሞታል። ለዚህ ግን ዋንጫ የሰጠው የለም።

በ2001 ዓ.ም ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ከ5 በመቶ ኢታኖል ጋር ይደባለቅ ጀመር፤ በኋላም 10 በመቶ ሆነ። ኢታኖል የሚፈልገው አየር ያነሰ ስለሆነ ከፍታው ያበዛውን በጥቂቱ አቃለለው። በሌላ በኩል የአሮጌ ሰልባትዮ ቆሻሻ አላቅቆ ያችኑ ትንሽ ቀዳዳ ይደፍናል። መካኒኩ እንደገና ተማረ።

በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። አዲሶቹ መኪኖች በኤሌክትሪክ ይሄዳሉ፤ ከፍታው ሞተራቸውን አያፍነውም፣ ካርቡራቶርም የላቸውም። ለከተማዋ አየር ደግ ነው፣ አልቃወምም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ የአንድ ቀዳዳ ልክ በጆሮ የሚለይ ሰው ዕውቀቱን በየትኛውም መጽሐፍ ሳያሰፍር ሊያልፍ ነው። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች፣ ሸበቶ መካኒክ ካገኛችሁ ደብተር ይዛችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፤ የትኛውን መኪና በየትኛው ከፍታ በምን ልክ እንዳስተካከለ ጠይቃችሁ ጻፉ።