ለልጅ የሚሰጥ መጫወቻ፦ ከገበጣ እስከ ባኦ

በቀድሞው የኢትዮጵያ ቤተሰብ ለልጅ ስጦታ መስጠት የታወቀ ነገር ነው፤ መጫወቻ ገዝቶ መስጠት ግን የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። የክርስትና አባት ልብስ ይሰጣል፤ አያት ከመንጋው አንዲት ግልገል ለይተው «ይህቺ ያንተ ናት» ይላሉ፤ በእንቁጣጣሽ አበባ ይዘው ለሚመጡ ልጃገረዶች ሳንቲም፣ በቡሄ ደጅ ቆመው ለሚጨፍሩ ወንዶች ልጆች ሙልሙል ይታደላል። መጫወቻው ግን የልጁ የራሱ ሥራ ነበር።

የቡሄን ጅራፍ የሚገምደው እረኛው ራሱ ነው። ጭቃ አላቁጦ ጥንድ በሬ ከነቀንበሩ ያበጃል። ልጃገረዷ ከእናቷ ቀሚስ ከተረፈ ቁራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት ትሰፋለች፤ ለቅልሞሽ የሚሆኑ ድቡልቡል ጠጠሮች ከወንዝ ዳር ትለቅማለች። ከተማ ሲመጣም ልማዱ አልቀረም፤ ያረጀ ካልሲ ጨርቅ ተሞልቶ ኳስ ሆነ፣ ሽቦ ተጠማዝዞ መኪና ሆነ፣ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ደግሞ የዳማ ጠጠር ሆነ።

ከእነዚህ ሁሉ የገና ጨዋታ መሣሪያ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጫፉ በተፈጥሮው የቆለመመ እንጨት መገኘት አለበት፤ ልጆች በዓሉ ሳምንታት ሲቀሩት ጀምሮ ጫካ ለጫካ እየዞሩ ይፈልጉታል፣ ቆርጠው ይልጡታል፣ እሳት ያሳዩታል። ሩሯም ከእንጨት ትጠረባለች ወይም ከቆዳ ትሰፋለች። በዕለቱ ጌታና ሎሌ አንድ ሜዳ ላይ ይወርዳሉ፤ ቢመታም የሚቆጣ የለም። ልጁ ዱላውን ሲያበጅ የሰነበተው ለዚያ ሜዳ ነው፤ ብቻውን ቤት ተቀምጦ ሊጫወትበት አይደለም።

ይህን ዓይነቱን ነገር የአገራችን ጸሐፊዎች ለብራና የሚበቃ አድርገው አልቆጠሩትም። ዜና መዋዕሎቻችን ዘመቻና ሹመት ይተርካሉ እንጂ ልጆች ምን ይጫወቱ እንደነበር ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው የሚሰጡት ጥቂት ነው። በመጽሐፍ ደረጃ የሰበሰበው ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል ሲሆን፣ ስለ ሐበሻ ጨዋታዎች የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1935 ፓሪስ ታተመ። ከዚያ በኋላ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ስለ ገበጣና በአፍሪካ ቀንድ ስላሉት ዘመዶቹ ሰፊ ጥናት አወጡ። በዚያው ዓመት ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረጅ የጻፉትም ከእርሱ ቢነበብ መልካም ነው።

የሰንጠረጁ ነገር ፈገግ ያሰኛል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ትግራይን ሲጎበኝ ራስ ወልደ ሥላሴ በዚህ ጨዋታ የተለከፉ ሆነው አገኛቸው። የእኛ ሰንጠረጅ አጀማመሩ ከሌላው ዓለም ይለያል፤ ወረራ በሚባለው ክፍል ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እኩል ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። ዝም ብሎ ጢሙን እየነካካ ለሚያስብ ሰው የሚመች አይደለም።

ገበጣ ከዚህ ይልቅ የሁሉም ሰው ነው። ሰሌዳ ያለው በሰሌዳ፣ የሌለው መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ በጠጠር ወይም በፍሬ ይጫወተዋል። እንደየአገሩ ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ አለው፤ ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል። በመጠራና በይሓ በአክሱም ዘመን እንደተሠሩ የሚገመቱ የገበጣ ሰሌዳዎች ተገኝተዋል። እርግጥ አለት ላይ የተቦረቦረ ጉድጓድ ዕድሜውን በቀላሉ አይናገርም፤ ቢሆንም ጨዋታው ጥንታዊ ስለመሆኑ የሚጠራጠር የለም።

በአውሮፓ መጫወቻን «ስጦታ» ብሎ የሰየመው ጀርመናዊው አስተማሪ ፍሪድሪሽ ፍሮብል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ ለሕፃናት ያዘጋጃቸውን መጫወቻዎች በቁጥር ለይቶ አንደኛ ስጦታ፣ ሁለተኛ ስጦታ እያለ ጠራቸው፤ በ1840ም ትምህርት ቤቱን «የሕፃናት አትክልት» አለው፤ ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት የምንለው ማለት ነው። አንደኛው ስጦታ ከሱፍ ክር የተሠራ ለስላሳ ኳስ ነበር፤ የእኛን የካልሲ ኳስ ቢያይ ወንድሙን ያገኘ በመሰለው ነበር። ቀጥለው የእንጨት ድብልብል፣ ሲሊንደርና ኩብ፣ ከዚያም ኩቡ ራሱ ወደ ትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ ይመጣል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ መጫወቻው በራሱ ያላለቀ መሆን አለበት፣ የሚጨርሰው ልጁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በቢሉንድ ከተማ የእንጨት መጫወቻ በመሥራት የጀመረው የዴንማርኩ ሌጎም፣ በ1958 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው ተገጣጣሚ ጡብ በዚሁ መንገድ የመጣ ነው።

ይህ ታሪክ ናይሮቢ ላይ፣ በተለይም ሩንዳ ላይ፣ የተለየ ክብደት አለው። ሩንዳ ቀድሞ የቡና እርሻ ነበረች፤ ዛሬ ሰፋፊ ግቢዎች፣ ረጃጅም አጥሮችና ጸጥ ያሉ መንገዶች ያሏት ሰፈር ናት። ከተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት አጠገብ በመሆኗ ከየአገሩ የመጣ ቤተሰብ ይኖርባታል፤ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያውያን አሉ። ለልጅ ምቹ ናት ማለት ይቻላል፤ የጎረቤት ልጅ ግን ዘሎ አይገባም። እንግዲህ ቅልሞሽም ሆነ ገና የሚጠይቁት ሁለተኛ ሰው ከአጥሩ ውጭ ቀረ። በታኅሣሥ ወር የፈረንጆቹ ገና፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ የእኛው ይመጣል፤ ልጁ ሁለት ጊዜ ስጦታ ይቀበላል፤ ሁለቱም ብዙውን ጊዜ ባትሪ ያላቸው፣ ራሳቸው የሚዘፍኑ፣ ራሳቸው የሚሮጡ ናቸው። እኔ በእነዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም ብል ሐሰት ይሆናል። ልጁን ተመልካች ያደርጉታል፤ ደግሞም የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ነው። በቤት ውስጥ አማርኛ የሚሰማበት ሰዓት በየዕለቱ እያጠረ ላለ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1995 እ.ኤ.አ. በተከፈተው ቪሌጅ ማርኬት በሚቆመው የማሳይ ገበያ፣ ከዶቃውና ከተቀረጸው ቀጭኔ መካከል፣ ለሁለት የሚታጠፍ፣ ጉድጓድ የተቦረቦረበት የእንጨት ሰሌዳ ተደርድሮ ይሸጣል። ሻጩ «ባኦ» ይለዋል፤ በስዋሂሊ ሳንቃ ማለት ነው። ብዙው ሰው የጌጥ ዕቃ መስሎት ያልፈዋል። ገበጣ ነው! የባሕር ዳርቻው ትክክለኛው ባኦ አራት ረድፍና ስልሳ አራት ፍሬ ያለው፣ ለመማር ከባድ ጨዋታ ነው፤ በገበያ የሚበዛው ግን ሁለት ረድፍ፣ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያለው ስለሆነ ለጀማሪ ይስማማል። የሉዎ ሕዝብ የራሱን ዓይነት «አጁዋ» ይለዋል። በናኩሩ አጠገብ ባለው ሃይራክስ ሂል የተባለ ጥንታዊ ስፍራ፣ ሜሪ ሊኪ እ.ኤ.አ. በ1937 ቁፋሮ ባካሄደችበት ኮረብታ፣ አለት ላይ የተፈለፈሉ እንዲህ ያሉ ሰሌዳዎች ይታያሉ። በዕረፍት ቀን ልጆችን ይዞ ለመሄድ ቅርብ ነው፤ ከይሓም ይቀርባል።

እንግዲህ ለልጁ ሰሌዳውን የሚሰጥ ሰው ሁለት ነገር ይሰጣል፤ ዕቃውንና አብሮት የሚቀመጠውን ሰው። ያለ ሁለተኛ ሰው ሰሌዳው ዝም ይላል። እናት ወይም አባት ከተቀመጡ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ፍሬውን በየጉድጓዱ ሲዘሩ ቁጥሩ በአማርኛ ይነገራል። አያት ከአዲስ አበባ ሲመጡ የሚያውቁት ጨዋታ ቤት ውስጥ ያገኛሉ፤ ከልጅ ልጃቸው ጋር የሚነጋገሩበት ቋንቋ ቢሳሳ እንኳ እጃቸው ይግባባል። ከምዕራብ ኬንያ የመጣው የግቢው ዘበኛም ምናልባት ከሁላቸው ይበልጥ ያውቀው ይሆናል፤ ልጁ ከእርሱ ቢማር ምንም የሚጎድልበት የለም። ሕጉ የተለያየ ስለሆነ ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ይነሣ፤ ክርክሩም ከጨዋታው አንዱ ክፍል ነው።

ዕድሜን መመልከት ግን ይገባል። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የያዘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ስለሚከት ትንንሽ ፍሬ ለእርሱ አደጋ ነው፤ ለእርሱ የፍሮብል የክር ኳስ፣ ወይም የእኛው የካልሲ ኳስ ይሻላል። አምስትና ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ቆጥሮ መዝራት ይችላል፤ በሰባትና በስምንት ዓመቱ ማሸነፍ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ለወላጅም ሥራ ይመጣል። ሰሌዳው ሲገዛ ጉድጓዱ ጥልቅ፣ ጠርዙ የለሰለሰ መሆኑን በጣት ዳስሶ ማየት ነው። አብረውት የሚሰጡት ፍሬዎች ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከሶፋ ሥርና ከምንጣፍ በታች መጥፋታቸው አይቀርም፤ ለዚህ ሲባል ገበያ መመለስ አያሻም። በአንድ ጉድጓድ አራት አራት ቢሆን አርባ ስምንት ነው፤ ከማጀት አርባ ስምንት ጥሬ ቡና ቆጥሮ ማውጣት ይበቃል።